የተነሣው ፕሮግራም ቅሪት አልሰረዝ ሲል

ፎርማት ከማድረግ በፊት ፋይሉን የያዘው ማን እንደሆነ ይጠየቅ

ሒሳቡን በኮምፒውተር የሚይዝ ነጋዴ ውሎ አድሮ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። አሮጌውን ፕሮግራም አንሥቶ አዲሱን ሊጭን ሲሞክር አዲሱ አልጫን ይላል፤ አሮጌውም ከፕሮግራሞች ዝርዝር ከወጣ በኋላ ፎልደሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል»፣ «ፈቃድ ያስፈልግዎታል»፣ «የመጫኛው ምንጭ አልተገኘም» የሚሉ የእንግሊዝኛ መልእክቶች በየተራ ብቅ ይላሉ። የተጠራው የኮምፒውተር ጠጋኝም ከግማሽ ሰዓት መነካካት በኋላ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»።

ፎርማት ለጠጋኙ አጭሩ መንገድ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩም ለጊዜው ይፈጥናል፣ ዋጋውም ቁርጥ ነው። ለነጋዴው ግን ወጪው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የፕሪንተሩ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው፣ የባር ኮድ ማንበቢያው ሶፍትዌር እንደገና መጫን አለበት። የፕሮግራሞቹ ፈቃድ እንደገና መመዝገብ አለበት። ከሁሉም የከፋው ግን «ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጫለሁ» በተባለው ቅጂ ውስጥ የዓመታት የሒሳብ መዝገብ ሳይካተት መቅረቱ ነው። የሒሳብ ፕሮግራም መረጃውን ዴስክቶፕ ላይ አያስቀምጥምና።

ከቅሪት ፋይሎች ጋር የሚመጡት የስህተት መልእክቶች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉ ያዥ አለው። ቤት ሊያሻሽጥ የተነሣ ደላላ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና ዕገዳ እንዳለበት ሳያጣራ ገዢውን ቀብድ እንደማያስከፍል ሁሉ፣ አልሰረዝ ያለ ፋይልም የማን እንደሆነ ሳይጣራ መሰረዝ የለበትም። ያዡ ከታወቀ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለ ፎርማት ይፈታል።

ቅሪቱ ለምን ይቀራል?

አንድ ፕሮግራም ሲጫን በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ዋናው አካሉ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው ፎልደር ይገባል። ለሁሉም ተጠቃሚዎች የሚሆነው መረጃ «ፕሮግራም ዳታ» በሚባለውና ከዓይን በተሰወረው ፎልደር ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ምርጫ ደግሞ «አፕ ዳታ» ውስጥ ይገባል። ከዚህም ሌላ «ሬጅስትሪ» በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ስሙን ያስጽፋል፤ እንደ ጠባዩም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሣና ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ሰርቪስ ያቆማል።

ፕሮግራሙ እንዲነሣ፣ ማለትም ባለሙያዎች «አንኢንስቶል» እንደሚሉት እንዲሆን ሲታዘዝ፣ ማንሻው የሚያነሣው በመጫኑ ጊዜ ራሱ ያስገባቸውን ፋይሎች ነው። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የፈጠራቸውን ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ያልፋቸዋል። ይህም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የአሠራር ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። የሒሳብ ፕሮግራም ሲነሣ የደንበኞችን የዱቤ መዝገብ አብሮ ይዞ ቢሄድ ነጋዴው የሚደርስበትን ማሰብ አያዳግትም። በመሆኑም ከቅሪቱ ከፊሉ እውነተኛ ጥራጊ ሲሆን ከፊሉ ንብረት ነው። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ በአንድ ፎልደር ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው ነው።

ጥራጊ የመሰለ የሒሳብ መዝገብ

ለዚህ ከፒችትሪ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኛ የቅጥር ማስታወቂያዎች ላይ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለው መመዘኛ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን «ሴጅ 50» ብሎ ቢለውጠውም የሒሳብ ሠራተኛው ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። እንደ 2010 ያሉ አሮጌ ዕትሞችም ከአገልግሎት ጨርሰው አልወጡም።

ፒችትሪ ሲነሣ የድርጅቱ የመረጃ ፎልደር ከቦታው ይቀራል። የፎልደሩ ስም የድርጅቱን ሙሉ ስም የያዘ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከስሙ ጥቂት ፊደላት ቆንጥሮ ያወጣለት ነው። ተከፍቶ ሲታይ በውስጡ የሚገኘው «ዳት» የሚል ቅጥያ ያላቸው በርካታ ፋይሎች ናቸው። በእጅ ቢከፈቱ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይታይባቸዋል፤ ለማያውቅ ሰው ጥራጊ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ «ከስተመር» የተባለው የደንበኞች፣ «ቬንደር» የተባለው የአቅራቢዎች፣ «ቻርት» የተባለው የሒሳብ መደቦች መዝገብ ነው። ስማቸው «ጄ አር ኤን ኤል» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ የዕለት ተዕለት ምዝገባው ራሱ ናቸው። «የአሮጌው ፒችትሪ ቅሪት ነው» ተብሎ ይህ ፎልደር የተሰረዘበት ነጋዴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ደርሶበታል ማለት ነው።

ጉዳዩ የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ቢያንስ ለ5 ዓመት ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል። ለኦዲት የመጣ ባለሙያ ፊት «ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጓል» የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም። ማስረጃ ያልቀረበለትን ወጪ ተቀናሽ አድርጉልኝ ብሎ መከራከርም ከባድ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት መረጃው የት እንዳለ በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ፒችትሪ ተከፍቶ «ሜንቴይን» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን» ሲመረጥ «ዳይሬክተሪ» በሚለው ቦታ የፎልደሩ ሙሉ አድራሻ ይታያል። ቀጥሎም በፕሮግራሙ በራሱ ባክአፕ ይወሰዳል፤ የሚገኘው ፋይል «ፒ ቲ ቢ» የሚል ቅጥያ ይኖረዋል። ይህ ብቻውን አይበቃም። ፒችትሪ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ከተዘጋ በኋላ ሙሉው የመረጃ ፎልደር እንዳለ ወደ ውጭ ዲስክ ቢገለበጥ ይመረጣል። ምክንያቱም አዲስ ዕትም አሮጌውን መረጃ ሲከፍት ወደ ራሱ አሠራር ይለውጠዋል፤ አንዴ የተለወጠ መረጃ ደግሞ ተመልሶ በአሮጌው ዕትም አይከፈትም። አዲሱ ዕትም ባይስማማና ነጋዴው ወደ ቀድሞው ልመለስ ቢል የሚያድነው ያልተነካው ቅጂ ነው።

በአንድ ቢሮ ውስጥ ሦስትና አራት ኮምፒውተሮች በመረብ ተያይዘው የሚሠሩ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ፒችትሪ መረጃውን የሚያነበው «ፐርቬሲቭ» በሚባል ሌላ ሶፍትዌር አማካይነት ነው። ይህም በፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። መረጃው ባለበት ኮምፒውተር ላይ ፐርቬሲቭ ካልሠራ የሌሎቹ ሁሉ ፒችትሪ ይቆማል። «ይህ ኮምፒውተር ጥግ ተቀምጧል፣ ማንም አይጠቀምበትም፣ የማይታወቀው ፕሮግራም ይነሣ» ተብሎ ፐርቬሲቭ ከተነሣበት የቢሮው ሥራ ተቋረጠ ማለት ነው። በእርግጥ ሁሉም እንዲነሣ ከተፈለገ መጀመሪያ ፒችትሪ፣ ቀጥሎ ፐርቬሲቭ ይነሣል። ከዚያም በፊት በፐርቬሲቭ የሚገለገል ሌላ ፕሮግራም አለመኖሩ ይጣራል።

«ፋይሉ ተይዟል»

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው መልእክት ይኸው ነው። ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ስለተከፈተ ትእዛዙ ሊፈጸም አልቻለም ይላል። ባለ ኮምፒውተሩ ግን የከፈተው ፕሮግራም የለም። የያዘው ከጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ ነው፤ በፒችትሪ ምሳሌ ፐርቬሲቭ መሆኑ ነው። «ሰርቪስስ» በሚለው መስኮት ውስጥ በስሙ ተፈልጎ «ስቶፕ» ሲባል ፋይሉ ይለቀቃል። ስሙ ካልታወቀም «ሪሶርስ ሞኒተር» የሚባል መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። በዚያ ውስጥ «ሲፒዩ» በሚለው ገጽ ላይ የፎልደሩ ስም በመፈለጊያው ሳጥን ሲጻፍ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ይዘረዝራል። ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚገኝ መሣሪያ ሆኖ ሳለ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

«አጥፍቼ አበራሁት፣ አሁንም እንዳለ ነው» የሚል አቤቱታም ይሰማል። ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ማለት እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። በቶሎ እንዲነሣ ሲባል ኮምፒውተሩ የሥርዓቱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል፤ ሲበራም የነበረውን ሰርቪስ ይዞ ከነበረበት ይቀጥላል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከሥሩ ዘግቶ እንደገና ያስነሣል። ስለሆነም ለቅሪት ፋይል መፍትሔ የሚሆነው ሪስታርት ነው። ጠጋኙን በስልክ ከመጥራት በፊት ይህን መሞከር የአንድ ጉዞ ሒሳብ ያድናል።

ሌላው ጠቃሚ ልማድ ፎልደሩን ከመሰረዝ ይልቅ ስሙን መለወጥ ነው። «አሮጌ» የሚል ቃልና ቀኑ በስሙ ላይ ይጨመርበታል። ስሙ አልለወጥ ካለ አሁንም የያዘው አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ መመርመሪያም ይሆናል። ከተለወጠም ቢሮው አንድ ወር እንዲሠራ ይተዋል። የወሩ ሒሳብ ተዘግቶ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያው ቀርቦ፣ ማንም «ይህ ጎደለኝ» ካላለ በኋላ ይሰረዛል። ዲስኩ ሞልቶ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ በቀር መዘግየቱ የሚያስከፍለው ነገር የለም። መሰረዙ ግን ሁልጊዜ የሚመለስ አይደለም። ከፍላሽ ወይም በመረብ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ የተሰረዘ ፋይል በተለምዶ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። «ሺፍት» እና «ዴሊት» አንድ ላይ ተጭኖ የተሰረዘም እንዲሁ ነው። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል በባለሙያ የመገኘት ዕድል ነበረው፤ «ኤስ ኤስ ዲ» በሚባለው አዲሱ ዲስክ ላይ ግን ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ ዕድሉ በጣም የመነመነ ነው።

«ፈቃድ ያስፈልግዎታል»

ይህ መልእክት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ስለሚችል በጥሞና መነበብ አለበት። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከ«ትረስትድ ኢንስቶለር» ነው ከተባለ ፋይሉ የራሱ የዊንዶውስ አካል ነው። ይህ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የመጣ ሲሆን ዓላማው እንዲህ ያለውን ፋይል ከባለቤቱም ቢሆን መጠበቅ ነው። ጥበቃውን አልፎ መሰረዝ የሚያስችል ዘዴ አለ፤ የሚያውቁት ጠጋኞችም ብዙ ናቸው። ይሁንና የተነሣ ፕሮግራም ቅሪት ነው የተባለው ፋይል ይህን መልእክት ካመጣ መጀመሪያውኑ ቅሪት ነው መባሉ ስህተት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ዓይነት ዲስኩ ከሌላ ኮምፒውተር ተነቅሎ ሲመጣ የሚያጋጥመው ነው። የሞተው ኮምፒውተር ዲስክ በአዲሱ ላይ ሲሰካ ፎልደሮቹ በአሮጌው ተጠቃሚ ስም ስለተመዘገቡ አዲሱን አያስገቡም። እዚህ ላይ ንብረቱ የነጋዴው የራሱ ስለሆነ ከፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሴኩሪቲ»፣ ቀጥሎም «አድቫንስድ» በሚለው ገብቶ ባለቤትነቱን ወደ ራሱ ማዛወር ችግር የለውም።

ለማንሣት መልሶ መጫን

በቁጥር የሚመጡት መልእክቶች ከሌሎቹ ይልቅ ሰው ያስደነግጣሉ እንጂ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። 1618 ሌላ መጫን ወይም ማንሣት በመካሄድ ላይ ነው ማለት ነው፤ መጠበቅ ወይም ሪስታርት ማድረግ ይበቃል። 1605 ሊነሣ የተፈለገው ፕሮግራም በመዝገቡ ላይ እንደተጫነ አይታወቅም ማለት ሲሆን፣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ የቀረው በቅሪት ብቻ ነው። 1603 ግን «አልተሳካም» ከማለት ያለፈ ስለማይናገር ከጀርባው ሌላ ምክንያት መፈለግ ያሻል።

አስቸጋሪው 1612 ነው፤ የመጫኛው ምንጭ የለም ይላል። ብዙ ጊዜም መነሻው ሰው ነው። ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የመጫኛ ጥቅል ቅጂ «ኢንስቶለር» በሚባል ስውር ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ወደፊት ሲጠገን ወይም ሲነሣ የሚጠቀመው በዚህ ነው። ፎልደሩ ከጊዜ ጋር ብዙ ጊጋባይት ስለሚይዝ ዲስክ ለማስለቀቅ የተነሣ ሰው ዓይን ያርፍበታል። ከተሰረዘ በዚያው ዕለት የሚታይ ጉዳት የለም። ከወራት በኋላ ግን ፕሮግራሙ አልነሣም፣ አልታደስም ማለት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሰረዘው ጠጋኝ በአጠገብ አይኖርም።

መድኃኒቱ ግር የሚያሰኝ ቢመስልም ቀላል ነው። የዚያው ፕሮግራም ያው ዕትም መጫኛ ከሲዲው ወይም ከአምራቹ ተፈልጎ በላዩ ላይ እንደገና ይጫናል፤ ቀጥሎም በሥርዓቱ ይነሣል። የተለየ ዕትም አይሆንም። የገዙትን ሶፍትዌር መጫኛና የፈቃድ ቁጥር በአንድ ፖስታ አድርጎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ማስቀመጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። በ«ክራክ» የተጫነ ፕሮግራም ያለው ግን መጫኛውን ያመጣለትን ሰው ፈልጎ ማግኘት ሊኖርበት ነው።

ማይክሮሶፍት ራሱ በአንድ ወቅት የእንዲህ ያለውን ቅሪት ምዝገባ በግድ የሚነቅል «ክሊን አፕ ዩቲሊቲ» የሚባል መሣሪያ ያከፋፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ከገበያ አነሣው፤ ምክንያቱም የሌሎች ፕሮግራሞችን አካላት ስለሚያበላሽ ነው። ዛሬም መሣሪያውን በፍላሽ ይዞ የሚዞር ጠጋኝ ካለ ባይነካካበት ይመረጣል።

ጸረ ቫይረስና የፍላሽ ቫይረስ

የጸረ ቫይረስ ሶፍትዌር ከሌላው ይለያል። ቫይረሱ እንዳያነሣው ተብሎ ራሱን እንዲከላከል ስለተሠራ ባለቤቱንም ይከላከላል። የአንዱ የአገልግሎት ዘመን አልቆ ሌላ ሲገዛ የመጀመሪያው ቅሪት ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፤ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ኢንተርኔት ይቋረጣል። ፎልደሩን በእጅ ለመሰረዝ መታገል ዋጋ የለውም። ካስፐርስኪ፣ ኖርተን፣ ማካፊ፣ ኢሴት፣ አቫስት ሁሉም የራሳቸውን ምርት ከነሥሩ የሚነቅል መሣሪያ በነጻ ያቀርባሉ። የኢሴትና የአቫስት «ሴፍ ሞድ» ውስጥ ተገብቶ የሚሠራ ነው። ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ አስፈላጊ የሆኑትን ብቻ ይዞ የሚነሣበት ሁኔታ ነው፤ ሺፍትን ተጭኖ ሪስታርት በማለት ይደረስበታል። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ዲስካቸው የተመሰጠረ ሊሆን ስለሚችል ግን ሴፍ ሞድ ከመግባት በፊት ረጅሙ የመክፈቻ ቁጥር በእጅ መኖሩ ይረጋገጥ።

በኅትመት ቤት ፍላሽ የሚያቀባብሉ ቢሮዎች የሚያውቁት ሌላ ቅሪት አለ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር «የስክሪፕት ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ሳጥን ይመጣል። ብዙዎች ቫይረሱ ገና አልጠፋም ብለው ይሰጋሉ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጸረ ቫይረሱ ፋይሉን ሰርዞታል፤ «ሲበራ ይህን አስነሣ» የሚለው ትእዛዝ ግን ተጽፎ ቀርቷል። «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ «ስታርት አፕ» በሚለው ገጽ ወይም «ታስክ ስኬጁለር» ውስጥ ትእዛዙ ተፈልጎ ሲቆም ሳጥኑ ይጠፋል። በዚያ ካልተገኘ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው «አውቶረንስ» የሚባል መሣሪያ ሁሉንም ይዘረዝራል።

ቅሪት ያልሆነ ችግር

ፋይሉ ወይም ፎልደሩ «ተበላሽቷል፣ ሊነበብም አይችልም» የሚለውና ቁጥሩ በ570 የሚያልቀው መልእክት ሲመጣ መሰረዙን መተው ያስፈልጋል። ይህ የፕሮግራሙ ሳይሆን የዲስኩ ጉዳይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ኮምፒውተር እየጻፈ ሳለ ሲጠፋበት የዲስኩ ማውጫ ይዛባል። «ቼክ ዲስክ» የሚባለው ትእዛዝ ያስተካክለዋል፤ ሆኖም የሚያስተካክለው የተዛባውን አንዳንዴ በመቁረጥ ስለሆነ መጀመሪያ የሚነበበው ሁሉ ወደ ውጭ ይገለበጥ። መልእክቱ በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

«አጽጂ» የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞችም በዚህ ረገድ መነሣት አለባቸው። በሬጅስትሪ ውስጥ የቀሩ ጥቂት መስመሮች ኮምፒውተሩን ያዘገያሉ የሚለው የገበያ ወሬ እንጂ የሚታይ ጥቅም የለውም፤ ማይክሮሶፍትም የሬጅስትሪ ማጽጃዎችን እንደማይደግፍ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በዓለም እጅግ ታዋቂ የሆነው ሲክሊነር በሰርጎ ገቦች ተጠልፎ፣ ከራሱ ከአምራቹ በሕጋዊ መንገድ በወረደው ዕትም ውስጥ ጎጂ ፕሮግራም ተገኝቶበታል። በጊዜው ያንን ዕትም የጫኑት ኮምፒውተሮች 2.27 ሚሊዮን እንደሆኑ ኩባንያው ገልጿል። በሬጅስትሪ ውስጥ በእርግጥ የሚነካ ነገር ካለም፣ የሚሰረዘው ክፍል መጀመሪያ «ኤክስፖርት» ተደርጎ ይቀመጣል።

በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚሠሩ ሱቆች አንድ የተለየ ስህተት ያያሉ። መሣሪያው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዘው «ኮም ፖርት» በሚባል ቁጥር ነው። ገመዱ በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ በተሰካ ቁጥር ዊንዶውስ አዲስ ቁጥር ሊሰጠውና የቀድሞውን «ተይዟል» ብሎ ሊያቆየው ይችላል። ፕሮግራሙ ግን አሮጌውን ቁጥር ነው የሚፈልገው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የተሰወሩ መሣሪያዎች እንዲታዩ ታዝዞ የሌሉት ሲነሡ ቁጥሩ ነጻ ይሆናል። ገመዱንም ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ መሰካት ነው። ይህ ሁሉ በኮምፒውተሩ በኩል ያለውን ነው፤ ማኅተም ያለበትን መሣሪያ መክፈት የተፈቀደለት የአገልግሎት ማዕከል ሥራ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲሸጥ

እስካሁን የተባለው ቅሪቱ አልጠፋ ስላለበት ነጋዴ ነው። ኮምፒውተሩን ለሚሸጥ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ጠፋ ያለው ቅሪት አልጠፋም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሸጦ አዲስ የሚገዛ ነጋዴ ሊኖር ይችላል። ፒችትሪን አንሥቶ የሸጠ ሰው፣ ከላይ እንደተገለጸው፣ የደንበኞቹን ዝርዝርና የግዢ ዋጋውን ለገዢው አስረክቧል። ገዢው ደግሞ የጎረቤት ሱቅ ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔት ማሰሻው ክሮምም ሲነሣ «የአሰሳ መረጃዬም ይሰረዝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት መረጃው ወደ ኋላ ይቀራል።

እዚህ ላይ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ ማንሣት ትርፉ ድካም ነው። መረጃው ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ተዛውሮ መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» በሚለው ገብቶ ሁሉም እንዲነሣና ዲስኩም እንዲጸዳ የሚያዘው ምርጫ ይመረጣል። ማጽዳቱ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ገዢው ቆሞ በሚጠብቅበት ሰዓት አይጀመርም። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ዲስኩን ነቅሎ አስቀርቶ ኮምፒውተሩን ያለ ዲስክ መሸጥ ይችላል፤ ገዢው የዲስኩን ዋጋ ቀንሶ ይከፍላል።